አርተር ራምቦ፦ ግጥምን ትቶ በሐረር የሒሳብ መዝገብ የከፈተው ፈረንሳዊ

በሐረር ጀጎል ግንብ ውስጥ ባለቀለም መስታወት መስኮቶች ያሉት አንድ ፎቅ ቤት አለ። የከተማው ሰው የራምቦ ቤት ይለዋል። ቤቱን ያሠራው ህንዳዊ ነጋዴ ሲሆን፣ ራምቦ ራሱ እንዳልኖረበት ይታመናል። ያም ሆኖ ዛሬ በስሙ የሚጠራ ሙዚየም ነው። ከሩቅ አገር ወደዚያ የሚመጡ ጎብኚዎች የሚፈልጉት ገጣሚውን አርተር ራምቦን ነው።

ሐረር ግን ገጣሚ አላየችም። ያየችው ቡና የሚያስመዝን፣ ቆዳ የሚያስቆጥር፣ ጠገራ ብር በግመል የሚያስጭንና ማታ በኩራዝ ብርሃን ሒሳቡን የሚያወራርድ ቀጭን ፈረንጅ ነጋዴ ነው። የፈረንሳይን ሥነ ግጥም የለወጡትን ሥራዎቹን ጽፎ የጨረሰው ገና በሃያዎቹ ዕድሜው መግቢያ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ከቀሩት ዓመታት አብዛኞቹን ያሳለፈው በኤደንና በሐረር፣ በገቢና ወጪ መካከል ነው።

ሰው አገሩን ለቅቆ በማያውቀው ምድር ንግድ ሲጀምር ከገንዘብ በፊት የሚያስፈልገው ነገር አለ፤ እሱም በዚያ አገር ዕዳ እንዴት እንደሚቆጠርና ቃል እንዴት እንደሚታመን ማወቅ ነው። ራምቦ ይህን የተማረው በብዙ ኪሳራ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሻርልቪል እስከ ኤደን

ራምቦ ኦክቶበር 20 ቀን 1854 በሰሜን ምሥራቅ ፈረንሳይ በምትገኘው የሻርልቪል ከተማ ተወለደ። የጦር መኮንን የነበረው አባቱ ልጁ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ቤተሰቡን ትቶ ሄደ። ልጆቹን ብቻዋን ያሳደገችው እናቱ ቪታሊ ኩዊፍ ከገበሬ ቤተሰብ የተገኘች፣ ቁጥብና ሥርዓት አጥባቂ ሴት ነበረች። ገንዘብን በጥንቃቄ መያዝን ልጇ የወረሰው ከእሷ ሳይሆን አይቀርም።

በትምህርት ቤት በላቲን ግጥም ሽልማት ይወስድ የነበረው ልጅ፣ 17 ዓመት ሳይሞላው በ1871 የሰከረው ጀልባ የተሰኘውን ግጥሙን ጻፈ። በ1873 ወዳጁ ገጣሚው ፖል ቬርሌን በብራስልስ ከተማ በሽጉጥ ተኩሶ እጁን አቆሰለው። በዚያው ዓመት በሲኦል አንድ ወቅት የተሰኘ ትንሽ መጽሐፉ ቤልጂየም ውስጥ ታተመ። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ብዕሩን አስቀመጠ።

ቀጥሎ የመጡት ዓመታት የመንከራተት ዓመታት ነበሩ። በ1876 በኔዘርላንድስ የቅኝ ግዛት ጦር ውስጥ ተቀጥሮ ጃቫ ደሴት ድረስ ከሄደ በኋላ ከጦሩ ከድቶ ተመለሰ። በቆጵሮስ የድንጋይ ካባ ሠራተኞች ኃላፊ ሆነ። በ1880 ክረምት ቀይ ባሕርን እየተከተለ ሥራ ፍለጋ ሲወርድ፣ በመጨረሻ ብሪታንያ በምታስተዳድራት የኤደን ወደብ ደረሰ።

በኤደን የቀጠረው አልፍሬድ ባርዴ ከባልደረቦቹ ጋር ያቋቋመው፣ ቡናና ቆዳ ወደ ፈረንሳይ የሚልክ የንግድ ቤት ነው። ሥራው የቡና ለቀማውን መቆጣጠር ነበር። ለቃሚዎቹ በከተማዋ የሰፈሩ የህንድ ወታደሮች ቤተሰቦች የሆኑ ሴቶች ነበሩ። ራምቦ ምን ያህል ቡና እንደገባ፣ ምን ያህል እንደተለቀመ፣ ስንት ጆንያ ለመርከብ እንደተዘጋጀ ይከታተላል። የነጋዴነት ትምህርቱን የጀመረው በዚህ ሙቀትና አቧራ በሞላበት መጋዘን ነው።

ብዙ ገንዘብ፣ አንድ መዝገብ

በኖቬምበር 1880 የሐረሩ ቅርንጫፍ ሠራተኛ እንዲሆን ውል ፈረመ። ደመወዙ በዓመት 1,800 የህንድ ሩፒ ሲሆን፣ ከትርፉም 1 በመቶ ይታሰብለታል። ከዘይላ ተነስቶ የሶማሌን በረሃ በፈረስ በ20 ቀን አቋርጦ በዲሴምበር ሐረር ገባ።

ከተማዋ ከ1875 ጀምሮ በግብፅ ጦር እጅ ነበረች። የንግድ ቤቱ ቅርንጫፍ የተከፈተው በፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ነው። ከገጠር ቡና፣ ቆዳ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይመጣል፤ ከባሕር ማዶ ደግሞ ጨርቃ ጨርቅና ልዩ ልዩ ሸቀጥ ይገባል።

ለአዲስ ነጋዴ ፈተናው ዕቃውን መለየት ብቻ አልነበረም። ኤደን የምትቆጥረው በሩፒ ነው። ፈረንሳይ ያለው ባለገንዘብ በፍራንክ ያስባል። ግብፃውያን የራሳቸው ገንዘብ አላቸው። ገበሬውና ሲራራ ነጋዴው ግን ከሁሉ አስበልጠው የሚያምኑት የማርያ ቴሬዛ ምስል ያለበትን ጠገራ ብር ነው። ወደ ሸዋ ሲዘለቅ ደግሞ አሞሌ ጨው ራሱ ገንዘብ ነው። የብሩ ምንዛሪ ከወቅት ወቅት ስለሚዋዥቅ፣ ዛሬ ትርፍ ሆኖ የተመዘገበ ሽያጭ ሒሳቡ ኤደን ደርሶ እስኪዘጋ ድረስ ኪሳራ ሊሆን ይችላል።

ክብደቱም ሌላ ጣጣ ነበር። አንድ ጠገራ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ስለዚህ 1,000 ብር 28 ኪሎ ነው። ትልቅ ሒሳብ መክፈል ማለት ብሩን ቆጥሮ፣ በከረጢት አስሮ፣ በእንስሳ ጭኖና ጠባቂ ቀጥሮ መላክ ማለት ነው።

ራምቦ ለቤተሰቡ በሚጽፋቸው ደብዳቤዎች መጻሕፍት እንዲልኩለት ይጠይቅ ነበር፤ የሚፈልጋቸው ግን የግጥም መጻሕፍት አልነበሩም። ስለ ማዕድን ሥራ፣ ስለ ውኃ ምሕንድስናና ስለ አናጢነት የሚያስተምሩ ነበሩ። በ1885 ደግሞ አንቷን ዳባዲ ያዘጋጀውን የአማርኛ መዝገበ ቃላት ጠየቀ። ያጠራቀመውንም ገንዘብ ወደ አገሩ ይልክ ነበር። እናቱ በላከው ገንዘብ መሬት በገዛችበት ጊዜ ግን አልተደሰተም። እሱ የሚፈልገው ወለድ የሚያስገኝና በፈለገ ጊዜ የሚያወጣው ገንዘብ እንጂ ተመልሶ ይኑርበት አይኑርበት የማያውቀውን እርሻ አልነበረም።

አሠሪው ባርዴ የተቀጣሪውን ያለፈ ሕይወት ያወቀው በ1883 በመርከብ ጉዞ ላይ ካገኘው ፈረንሳዊ ጋዜጠኛ ነበር። የሒሳብ ሠራተኛው በፓሪስ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ዘንድ ስሙ የሚነሳ ገጣሚ መሆኑን ሲሰማ ተገረመ። ራምቦ ግን ስለዚያ ዘመን መነጋገር አልፈለገም።

የሟች ሸሪክ ዕዳ

በ1884 የንግድ ቤቱ ከሰረ፤ የሐረሩ ቅርንጫፍም ተዘጋ። ራምቦ ለተወሰነ ጊዜ በኤደን ለባርዴ ሲሠራ ከቆየ በኋላ፣ በኦክቶበር 1885 ራሱን ችሎ ለመነገድ ወሰነ። ሸሪኩ በሸዋ ለረጅም ጊዜ የኖረው ፈረንሳዊ ነጋዴ ፒየር ላባቱት ነበር።

ስሌቱ በወረቀት ላይ ያማረ ነበር። በአውሮፓ ጦር ቤቶች ጊዜ ያለፈባቸው ጠመንጃዎች እያንዳንዳቸው በ7 ወይም 8 ፍራንክ ይገዛሉ፤ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ደግሞ እስከ 40 ፍራንክ ይከፍላሉ። ወደ 2,000 የሚጠጉ ጠመንጃዎች ታጁራ ወደብ ደረሱ። ራምቦ ለዓመታት ያጠራቀመውን ገንዘብ በዚህ ጉዞ ላይ አዋለ።

ወረቀቱ ያልቆጠራቸው ነገሮች ግን ብዙ ነበሩ። በታጁራ ግመል ማግኘት ከአካባቢው ባላባቶች ጋር ማለቂያ የሌለው ድርድር ይጠይቃል። በኤፕሪል 1886 በፈረንሳይና በብሪታንያ ስምምነት የጦር መሣሪያ ማስገባት ታገደ። ራምቦና ላባቱት ለፈረንሳይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ወጪያቸውንና ሊቀርባቸው የሚችለውን ትርፍ ዘርዝረው አቤት አሉ። በመጨረሻ ለጉዟቸው ፈቃድ ቢገኝም ላባቱት በካንሰር ታመመ፤ ወደ ፈረንሳይ ተመልሶም ሞተ። አብሯቸው ለመጓዝ የታሰበው ሌላው ፈረንሳዊ ነጋዴ ፖል ሶሌዬ ደግሞ በኤደን ድንገት አረፈ። አንድ ዓመት ገደማ በታጁራ ጠረፍ ላይ የጠበቀው ራምቦ በኦክቶበር 1886 ሲራራውን ብቻውን ይዞ ተነሳ። የአሳልን የጨው ሐይቅና የአፋርን በረሃ አቋርጦ በፌብሩዋሪ 1887 አንኮበር ደረሰ።

እዚያ የጠበቀው ገዢ ሳይሆን ገንዘብ ጠያቂ ነበር። ላባቱት በሸዋ ሲኖር ከብዙ ሰው ተበድሯል፤ ለብዙ ሰውም ቃል ገብቷል። በአገሩ ልማድ ዕዳ ከሰውየው ጋር አይቀበርም፤ ንብረቱን ይዞ የመጣ ሰው ዕዳውንም ይዞ እንደመጣ ይቆጠራል። ስለዚህ አገልጋይ የነበረው፣ ደመወዝ የቀረበት፣ ዕቃ በዱቤ የሸጠ፣ እንዲሁም ምንም ያልሸጠ ሁሉ ወደ ራምቦ መጣ። ግመል ነጂዎቹም ተጨማሪ ክፍያ ጠየቁ፤ የአንኮበሩ ሹምም ለከሳሾቹ አደላ። የላባቱት ባለቤት ከሟች ባሏ ንብረት ድርሻዋን ጠየቀች።

ራምቦ በዚህ ክርክር ውስጥ አንድ ከባድ ስህተት ፈጸመ። በሟች ቤት 34 ማስታወሻ ደብተሮች አገኘ። መበለቲቱ እየተራገመች እያየች እሳት ውስጥ ጨመራቸው። የንብረት ወረቀቶች በመካከላቸው እንደነበሩ የተነገረው በኋላ ነው። ሒሳብ የሚያውቅ ሰው፣ እውነተኛውን ዕዳ ከሐሰተኛው ሊለይበት ይችል የነበረውን ማስረጃ በገዛ እጁ አመድ አደረገው።

እንጦጦ ላይ የተዘጋ ሒሳብ

ንጉሥ ምኒልክ በጃንዋሪ 1887 በጨለንቆ ጦርነት የሐረሩን አሚር ዐብዱላሂን ድል አድርገው ገና መመለሳቸው ነበር። ከሐረር የማረኩት መሣሪያ ስለነበራቸው ለራምቦ አሮጌ ጠመንጃዎች የሚቸኩሉበት ምክንያት አልነበራቸውም። ሻጩ ደግሞ ዕቃውን መልሶ ወደ ባሕር የሚያወርድበት አቅም አልነበረውም። ዋጋውን የወሰነው ይህ ልዩነት ነው።

በእንጦጦ በተደረገው ድርድር የንጉሡ አማካሪ የነበረው ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ራምቦን ረዳው። ንጉሡ ዕቃውን በሙሉ በቅናሽ ወሰዱ፤ ላባቱት የእሳቸው ባለዕዳ ነው በማለትም ከክፍያው ላይ ቀነሱ። የቀረው ገንዘብ በእጅ አልተሰጠውም። ሐረርን ያስተዳድሩ የነበሩት ደጃዝማች መኮንን እንዲከፍሉት የክፍያ ትእዛዝ ተጻፈለት።

ራምቦ በሜይ 1887 ከፈረንሳዊው ተጓዥ ጁል ቦረሊ ጋር ከእንጦጦ በጨርጨር በኩል ወደ ሐረር ተጓዘ። በሐረርም ጥሬ ብር እንደልብ ስላልነበረ፣ ከሚከፈለው ላይ የተወሰነው በምጽዋ ነጋዴዎች ላይ በሐዋላ ተጻፈለት። ሐዋላውን ለመቀበል ቀይ ባሕርን አቋርጦ ምጽዋ ሲደርስ፣ ፓስፖርት አልያዘም ተብሎ ለጊዜው ታሰረ። አንድ ንጉሥ የጻፉት ዕዳ ወደ ገንዘብ እስኪለወጥ ድረስ አራት ከተሞችን አቋርጧል።

በኤደን ለነበረው የፈረንሳይ ምክትል ቆንስላ ባቀረበው ዝርዝር ከካፒታሉ 60 በመቶ እንደከሰረና 21 ወር በከንቱ እንደደከመ አስታወቀ። በኦገስት 1887 ከካይሮ ለቤተሰቡ ሲጽፍ ግን በእጁ ያለው ቀድሞ የነበረው 15,000 ፍራንክ ያህል መሆኑን ገለጸ። ሁለቱ ሒሳቦች አይገጥሙም። አንደኛው የተጻፈው የላባቱት አበዳሪዎች ሊያዩት ለሚችሉት ባለሥልጣን፣ ሌላው ለእናትና ለእህት መሆኑን ማስታወስ ግን ልዩነቱን ለመረዳት ይረዳል።

በዚያ ወቅት በወገቡ ላይ የታጠቀው 16,000 ፍራንክ የሚያህል ወርቅ ነበር። ቀበቶው 8 ኪሎ እንደሚመዝንና ሕመም እንዳስከተለበት ለቤተሰቡ አማረረ። የኋላ ኋላ ወርቁን በካይሮ ባንክ አስቀመጠ። 33 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ቀርተውት ጠጉሩ ሸብቶ ነበር።

የራሱ የንግድ ቤት

በሜይ 1888 ራምቦ እንደገና ሐረር ገባ፤ በዚህ ጊዜ ግን የማንም ተቀጣሪ አልነበረም። ካለፈው ጉዞ የወሰደው ትምህርት በአሠራሩ ላይ ይታያል። ያለውን ሁሉ በአንድ ሲራራ ላይ ማዋል ትቶ፣ የተለያዩ ሰዎችን የንግድ ጉዳይ በኮሚሽን መያዝና ከጎኑም የራሱን ንግድ ማካሄድ ጀመረ።

ዋነኛ ሸሪኩ በኤደን የሚኖረው ነጋዴ ሴዛር ቲያን ነበር። ከኤደን ሸቀጥ ይመጣል፤ ከሐረር ቡና፣ ቆዳ፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ይሄዳል። ከኢልግ ጋር ደግሞ ከሐረር ወደ ሸዋ የሚላክ ሸቀጥ ይነግዳል። የጦር መሣሪያ ነጋዴ ለነበረው ለአርማን ሳቩሬም ጉዳይ ያስፈጽም ነበር። ሐረር ላይ የተቀመጠ አንድ ሰው በባሕሩና በደጋው መካከል የማን ዕቃ የት እንደደረሰ፣ ለግመል ምን እንደተከፈለ፣ ማን ለማን ስንት እንደሚፈልግ በመዝገቡ ይይዛል ማለት ነው።

ከኢልግ ጋር የተለዋወጧቸው ደብዳቤዎች የዚህን ኑሮ ገጽታ ያሳያሉ። በደብዳቤዎቹ ውስጥ ዋጋ፣ ምንዛሪ፣ የመንገድ ወሬና ቀልድ ተቀላቅለዋል። ኢልግ አንዳንዱ ሸቀጥ፣ በተለይ ድስቶቹ፣ በሸዋ ገዢ እንዳጡ ይነግረዋል። ራምቦ ለሲራራ ሰዎቹና ለእንስሳቱ የሚመድበው ስንቅ እጅግ የቆጠበ መሆኑንም በቁጣ ወቅሶታል፤ ሰዎቹና እንስሳቱ ሸዋ የሚደርሱት በረሃብ ዝለው ነበርና።

በዚህ ዘመን መዝገብ ላይ የሚገኝ አንድ ጥያቄ ደግሞ ስሙን እስከ ዛሬ ያነጋግራል። በ1889 መጨረሻ ራምቦ ለአገልግሎቱ ሁለት ባሪያ ልጆች እንዲገዛለት ኢልግን ጠየቀ። ኢልግ እንዲህ ያለ ነገር ገዝቶ እንደማያውቅና መጀመርም እንደማይፈልግ ገልጾ እምቢ አለ። ራምቦ በባሪያ ንግድ እንደተሰማራ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ሆኖም ጥያቄው በእጁ የተጻፈ ነው፤ ሰውን እንደ በቅሎ በዕቃ ዝርዝር ውስጥ ማስገባት በዚያ ገበያ ምን ያህል የተለመደ እንደነበርም ያሳያል።

ጊዜውም ክፉ ነበር። በኢትዮጵያ ክፉ ቀን ተብሎ የሚታወሰው ረሃብ ገብቶ ከብት አልቆ፣ ሐረር ድረስ ሰው በየመንገዱ ይወድቅ ነበር። የዘይላ መንገድም በሲራራ ላይ በሚደርስ ጥቃት አስጊ ሆነ። ሹማምንት ለወሰዱት ዕቃ ክፍያ ያዘገያሉ፤ የላባቱት የዕዳ ጥያቄም እየቆየ ተከትሎት ይመጣል። ራምቦ ግን ንግዱን አልዘጋም። ባርዴን የመሳሰሉ የሚያውቁት ሰዎች ከንግግሩ ምሬት ጀርባ ለችግረኛ እጁ የሚዘረጋ ሰው እንደነበር መስክረዋል። በ1890 አንድ የፈረንሳይ የሥነ ጽሑፍ መጽሔት አዘጋጅ እንዲጽፍለት በደብዳቤ ጠየቀው። መልስ ስለመስጠቱ የሚታወቅ ነገር የለም፤ ደብዳቤው ግን ከወረቀቶቹ መካከል ተገኝቷል።

የመጨረሻው ዝርዝር

በ1891 መጀመሪያ ላይ ቀኝ ጉልበቱ ያብጥ ጀመር። መራመድ ሲያቅተው አልጋውን መጋዘኑን ማየት በሚችልበት መስኮት አጠገብ አድርጎ ሥራውን ቀጠለ። ሕመሙ ሲጠና ግን የቀረውን ሸቀጥ በርካሽ ሸጦ ንግዱን ለመዝጋት ተገደደ።

ኤፕሪል 7 ቀን 1891 በተራ በሚሸከሙት 16 ሰዎች በቃሬዛ ከሐረር ወጣ። እስከ ዘይላ ያለው 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዝናብ እያረጠበው፣ ሕመሙ እየጠናበት፣ 12 ቀን ያህል ተጓዘ። ኤደን ደርሶ ሆስፒታል ቢተኛም ሒሳቡን ሳያወራርድ አልሄደም። ከቲያን ጋር ተሳስበው ሲጨርሱ 37,450 ፍራንክ የሚከፈልበት የባንክ ሰነድ ተቀበለ። የ11 ዓመት ድካም በአንድ ወረቀት ላይ ተጠቃለለ።

በሜይ ወር ማርሴይ ደርሶ በኮንሴፕሲዮን ሆስፒታል ቀኝ እግሩ ተቆረጠ። ሐዘናቸውን በደብዳቤ ከላኩለት መካከል ወዳጁ ራስ መኮንን ይገኙበታል። በበጋው ወደ እናቱ እርሻ ቢመለስም አልቆየም። ሐሳቡ ሐረር ስለነበረ፣ ከአንድ ወር በኋላ እህቱ ኢዛቤል አስከትላው ወደ ማርሴይ ተመለሰ። ካንሰሩ ግን በሰውነቱ ተሰራጭቶ ነበር።

በእነዚያ ቀናት ስሙ ደጋግሞ ከአፉ ይወጣ የነበረው ሰው የሐረሩ አገልጋዩ ጃሚ ነበር። ገንዘብ እንዲሰጠው ተናዘዘ። ኑዛዜው 750 ጠገራ ብር ሆኖ ተላከ። ገንዘቡ ሲደርስ ግን ጃሚ ሞቶ ስለነበር ለወራሾቹ ተሰጠ። በሕይወቱ ብዙ ዕዳ ያሳደደው ሰው፣ ማንም ሳይጠይቀው ራሱ ዕዳ ብሎ የቆጠረው ይህን ነው።

ኖቬምበር 9 ቀን 1891 ራምቦ በትኩሳት ውስጥ ሆኖ ለአንድ የመርከብ ኩባንያ ኃላፊ የሚላክ ደብዳቤ ለእህቱ አስጻፈ። ደብዳቤው የሚጀምረው በዕቃ ዝርዝር ነው፤ በየክፍሉ ስንት የዝሆን ጥርስ እንዳለ ይቆጥራል። ቀጥሎም ሰውነቱ እንደማይንቀሳቀስ ገልጾ፣ በስንት ሰዓት ወደ መርከቡ ሊያስገቡት እንደሚችሉ ይጠይቃል። በማግስቱ በ37 ዓመቱ አረፈ።

በዚያው ሰሞን በፓሪስ የወጣትነት ግጥሞቹ በመጽሐፍ እየታተሙ ነበር። እሱ ግን የተወው የመጨረሻ ጽሑፍ የጫነው ዕቃና የሚሳፈርበት ሰዓት ነው፤ መርከቡም የሚወስደው ወደ አገሩ ሳይሆን ንግዱን ወደ ከፈተበት አገር ነበር።